ባለ እንሽላሊቱ ቴርሞስታት

ለዶሮ እንቁላል መፈልፈያ የሚያስፈልገው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ፋን ባለው ማሽን ቢበዛ 37.8። ጫጩት ላስፈልፍል ብሎ የተነሣ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር በቃሉ ይዞታል። መከራው የሚጀምረው ቁጥሩን የሚጠብቀውን ዕቃ፣ ቴርሞስታት የሚሉትን፣ ለመግዛት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የወረዱ ዕለት ነው። ከድልድዩ ተነሥተው ወደ መርካቶ ሆድ ዕቃ እየዘለቁ የኤሌክትሪክ ሱቆቹን አንድ በአንድ ቢጠይቁ መልሱ «አለ» ነው። የለም የሚል ሰው አይገኝም። ያለው ነገር ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ግን እሱም አይገኝም።

በቅርቡ የቀረበልኝ ካርቶን ላይ እንሽላሊት ተሥሎበታል። በደንብ የተቀለበ፣ አገጩ ሥር እሾህ እሾህ የሚል ነገር ያለው፣ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ አምፖል የሚሞቅ እንሽላሊት።

«ይኼ ለምን የሚሆን ነው?» አልኩት ልጁን።

«ለጫጩት ነው ጋሼ።»

«ሥዕሉ እንሽላሊት ነው እኮ።»

«ሥዕሉን ይተዉት። ሙቀት ሙቀት ነው።»

«ስንት ዋት ይሸከማል?»

«የፈለጉትን! ምድጃ ቢሰኩበትም ወይ ፍንክች።»

ካርቶኑን ገልብጬ መነጽሬን አስተካክዬ አነበብኩ። ቮልቱ 110 ነው። ዲግሪው በፋራናይት ነው፤ ከ40 እስከ 108። ስፒናው ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ ነው፤ ቤታችን ካለው ሶኬት ጋር ትውውቅ የለውም። ይህን ሁሉ ሳነብለት ልጁ ቅር አላለውም። «ኮንቨርተር እንሰጥዎታለን» አለና ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር አወረደ። ያወረደው የስፒናውን ጥርስ ብቻ የምትቀይር ማሸጋገሪያ ነው። ቮልቱን አትነካውም። በእሷ በኩል አልፎ 220 ቮልት የገባበት ባለ 110 ቮልት ዕቃ ዕድሜው እስኪሰካ ድረስ ብቻ ነው።

ልጁን ውሸታም ለማለት ይከብደኛል። እሱ የሚደግመው ዕቃውን ያመጣለት ሰው የነገረውን ነው። አምጪውም ከባትሪ መብራት፣ ከጆሮ ማዳመጫና ከፀጉር መተኮሻ ጋር በአንድ ኮንቴይነር ጭኖት የመጣ ነው። አስመጪው ሳያውቀው፣ አከፋፋዩ ሳያውቀው፣ ቸርቻሪው ሳያውቀው መጥቶ በመጨረሻ ስለ ዕቃው እርግጡን የምታውቀው ጫጩቷ ናት። እሷ ደግሞ ካወቀች በኋላ ብዙ አትቆይም።

እንሽላሊቱ የፋብሪካ ቀልድ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ እባብ፣ እንሽላሊትና ኤሊ በመስታወት ሣጥን የሚያሳድግ ሰው እልፍ ነው። ተሳቢ እንስሳት የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት በዋናነት ከውጭ ስለሆነ፣ ሣጥናቸው አንዱ ዳር ሞቃት ሌላው ዳር ቀዝቀዝ ያለ እንዲሆን ይደረጋል። ሲበርዳቸው ወደ አምፖሉ ይሄዳሉ፣ ሲሞቃቸው ወደ ጥላው ይመለሳሉ። ያን ሙቀት የሚጠብቀውን መሣሪያ ለመምረጥ ባለቤቶቻቸው የሚያነሡት ጥያቄ እኛ ለጫጩት ከምናነሣው ጋር አንድ ዓይነት ነው፦ ማብራትና ማጥፋት ብቻ የሚችለው ይሻላል ወይስ አምፖሉን ቀስ እያለ የሚያደበዝዘው? ሴንሰሩ የት ይቀመጥ? ቢበላሽ በርቶ ነው የሚቀረው ወይስ ጠፍቶ? ልዩነቱ፣ እነሱ ይህን ሲጠይቁ የሚመልስ ሰው አላቸው።

እኛ እባብን የምናውቀው በዱላ ነው። ኤሊ አልፎ አልፎ በሆቴልና በሰፊ ግቢ ሣር ላይ ስትንፏቀቅ ትታያለች እንጂ ማሞቂያ የተገዛላት ኤሊ አላየሁም። ተሳቢ እንስሳ በብዛት ይረባል ከተባለ አርባ ምንጭ የአዞ እርባታ አለ፤ እሱም ቆላ ነው፣ ፀሐዩ ራሱ ይበቃል። በነገራችን ላይ የአዞ ግልገል ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው እንቁላሉ በታቀፈበት ሙቀት ነው። የእኛ ጫጩት ቢያንስ ፆታዋን ቴርሞስታት አይወስንባትም። ይህም አንድ ተስፋ ነው።

ጫጩት ከተፈለፈለች በኋላም ቢሆን ሙቀቷን በቅጡ መቆጣጠር እስክትችል ሳምንታት ይፈጅባታል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ትፈልጋለች፤ ከዚያ ላባ እስክታወጣ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ገደማ ይቀነስላታል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እንግዲህ በግቢው ጥግ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የአንድ ቀን የሳሶ ወይም የቦቫንስ ብራውን ጫጩት ይዞ የሚያድር ሰው ሀብተ ጊዮርጊስ የሚመላለሰው ቢቸግረው ነው። ከውጭ የሚመጣው ባለ እንሽላሊት ዕቃ በሥራው ለእኛም ይሆን ነበር፤ ሴንሰሩ በረጅም ሽቦ፣ ስፒናው ዝግጁ፣ ማሞቂያው የሚሰካበት ቦታ የተዘጋጀለት። ቮልቱ የእኛ ቢሆን፣ መመሪያውም የሚነበብ ቢሆን ኖሮ።

ከሁሉ የሚያበሽቀው ይህ መሣሪያ ከመነሻው የጫጩት ዕቃ መሆኑ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኮርኔሊስ ድሬበል የሚባል የኔዘርላንድ ተወላጅ የእሳቱን አየር በሜርኩሪ እየከፈተና እየዘጋ ሙቀትን የሚጠብቅ ምድጃ ሠርቶ ነበር። በታሪክ ከሚታወቁት የሙቀት መቆጣጠሪያዎች ቀዳሚው የእሱ ነው፤ ካዋለባቸውም ሥራዎች አንዱ እንቁላል ማስፈልፈል ነበር። ከእሱ እጅግ ቀደም ብሎ ግብፆች በጭቃ ጡብ በሠሩት ትልልቅ መፈልፈያ ውስጥ ጫጩት በብዛት ያወጡ ነበር፤ ሙቀቱን የሚለኩት እንቁላሉን የዐይናቸው ቆብ ላይ አስጠግተው ነው። ቴርሞሜትር የለ፣ ቴርሞስታት የለ፣ ዲጂታል ቁጥር የለ። እኛ በሦስት የተለያዩ ዲጂታል ቁጥሮች መካከል ቆመን የትኛውን እንመን ስንል እነሱ ቆባቸውን አምነው ሠርተዋል።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ለእንቁላል መፈልፈያ ብለው ሲጠይቁ መጀመሪያ የሚሰጡዎት የቦይለር ቴርሞስታት ነው። ክብ መዘውር፣ ከ30 እስከ 110 የሚል ጽሑፍ፣ ጫፉ ላይ የመዳብ ቱቦ። ለገላ መታጠቢያ ውኃ ደህና ነው። ውኃ በጥቂት ዲግሪ ቢዋዥቅ ማንም አይሞትም። እንቁላል ግን 40 ዲግሪን አልፎ ከቆየ ውስጡ ያለው ፅንስ ያልቃል። ይህን ሲያስረዱ «እንግዲያው ትንሽ ዝቅ አድርገው ይሙሉት» ይባላሉ። አልሸሹም ዞር አሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ፒአይዲ ነው። ስሙ ከባድ ስለሆነ ዋጋውም ከባድ ነው። እውነት ለመናገር መልካም መሣሪያ ነው፤ ሙቀቱ ወደሚፈለገው ሲጠጋ ኃይሉን ቀስ እያደረገ ስለሚቀንስ ብዙ አይዋዥቅም። ነገር ግን ሱቅ ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ለምድጃና ለፕላስቲክ ማሸጊያ ማሽን የተሠራው፣ እስከ 400 ዲግሪ የሚለካው፣ ቴርሞካፕል የሚባል ሴንሰር ተገጥሞለት የሚሸጠው ነው። ቁጥሩ ነጥብ የለውም፤ 37 ይላል ወይም 38 ይላል። እኛ የምንፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ነው።

ከዚያ የድሆቹ መድኃኒት ይመጣል። ሽፋን የሌለው፣ ቀይ ቁጥር የሚያበራ፣ ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማይበልጥ ሰሌዳ፤ ደብልዩ 1209 ይባላል። ራቁቱን በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል። የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ አዳፕተር ለብቻው ይገዛለታል፤ አዳፕተሩ ከተቃጠለ ቴርሞስታቱም ይሞታል፣ ከሱ ጋር ማሞቂያው። ሰሌዳው ከፋብሪካ ሲመጣ እንደ ልማዱ ለማቀዝቀዣ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፤ ለማሞቂያ መሆን ያለበትን ፊደል ከ«ሲ» ወደ «ኤች» ገዢው ራሱ መቀየር አለበት። ማን ነግሮት? በዚያ ላይ በማብራትና በማጥፋት መካከል ያለው ክፍተት 2 ዲግሪ ሆኖ ነው የሚመጣው። 37.5 ሞልተው ሲተኙ እሱ 37.5 ላይ አጥፍቶ እስከ 35.5 ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ለተፈለፈለች ጫጩት ይህ ምንም አይደለም። ለእንቁላል ግን 21ኛው ቀን አልፎም ድምፅ የማይሰማበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሙቀቱ በአማካይ ዝቅ ካለ የመፈልፈያው ቀን ይዘገያል፣ የሚወጡትም ደካማ ይሆናሉ። ክፍተቱን ወደ 0.3 ወይም 0.5 ማውረድ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ሁለት ደቂቃውን የሚያሳይ ሰው ነው የጠፋው።

ሽፋን ያለው፣ በቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራው፣ ኤክስኤች ደብልዩ 3001 የሚሉት ከእሱ ይሻላል። ጥቁር ነው፣ ፊቱ ላይ ሁለት ቁልፍ ብቻ አለው፤ አንዱ የሚበራበት ሙቀት፣ ሌላው የሚጠፋበት ሙቀት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። መሣሪያው ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ መሆኑን የሚወስነው ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው መብለጡ ነው። የሚበራበትን 37.3፣ የሚጠፋበትን 37.7 ካሉት ማሞቂያ ነው። ካገላበጡት ማቀዝቀዣ ይሆናል፤ ሣጥኑ ሲቀዘቅዝ አምፖሉን አያበራም፣ በሆነ ምክንያት ከሞቀ ደግሞ «ላቀዝቅዝ» ብሎ አምፖሉን ያበራል። ጀርባው ላይ 1500 ዋት ይላል። ከውስጡ የሚወጣውን ሽቦ ቅጥነት ያየ ሰው ያንን ቁጥር አምኖ ምድጃ አይሰካበትም። እኔ ከግማሹ ባላልፍ እመርጣለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥ ጭነት ያለው ሰው ኮንታክተር የሚባለውን የከባድ ጭነት ማብሪያና ማጥፊያ ያስገባ።

ኤስቲሲ 1000 የሚባለውም አለ፤ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መውጫ ለየብቻ ያለው። ጥሩ ነው፤ ግን የሚሸጥልዎት ያለ ሽቦ ሥዕል ነው። ስምንት ቀዳዳ፣ ስምንት ቁጥር፣ «ኤሌክትሪሺያን ያስጠሩ»።

ሁሉም ዲጂታሎች አንድ የጋራ ጠላት አላቸው፦ ሪሌው። ሪሌ ማለት ውስጡ ጠቅ ጠቅ እያለ የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ብረት ነው። በከፈተና በዘጋ ቁጥር ጥቃቅን ብልጭታ ይወጣዋል። ክፍተቱን 0.1 አድርጎ የሞላ ሰው ሪሌውን ቀንና ሌሊት ሲያስጨፍረው ይከርማል። አንድ ሌሊት ብረቱ ይቀልጥና ተጣብቆ ይቀራል። ቁጥሩ 42 ይላል፣ 45 ይላል፣ መሣሪያው «አጥፍቻለሁ» ብሎ ያምናል፣ አምፖሉ ግን ቦግ ብሎ በርቷል። ጠዋት በሩን የከፈተ ሰው የሚያየውን አልጽፈውም። እሳት የተነሣ እንደሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከጫጩት ያልፋል፤ ጭድ፣ ሰጋቱራ፣ ካርቶን፣ 250 ዋት ቀይ አምፖል፣ ከፕላስቲክ የተሠራ ሆልደር፣ ሁሉም በአንድ ቆርቆሮ ቤት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶው ሸማ ተራ ሲነድ ያየ ሰው እሳት እንዴት እንደሚሮጥ ማንም አይነግረውም።

የውጭዎቹ ባለ እንሽላሊቶች ለዚህ መላ አላቸው። ከመጀመሪያው ቴርሞስታት በኋላ ሌላ ርካሽ ቴርሞስታት በተከታታይ ያስራሉ፤ እሱ ከፍ ተደርጎ፣ ለምሳሌ 38.5 ላይ ይሞላል። የመጀመሪያው ከተጣበቀ ሁለተኛው ይቆርጠዋል። ይህን ለአንድ ነጋዴ ብነግረው ዐይኑ በራ፤ ሁለት ሊሸጥልኝ ነው። ለአንዱም ዋስትና ሳይሰጠኝ።

ዋስትና ካልኩ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ላንሣ። በየሱቁ አለ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ፈትሸው ይውሰዱ»። እሺ፣ እንፈትሽ። በምን? ያለችው አንዲት ዲቫይደር ናት፤ አንዱ ቀዳዳ ላይ የልጁ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ ሌላው ላይ ፋን፣ ሌላው ላይ የጎረቤት ሱቅ ኤክስቴንሽን ተሰክቷል፣ አራተኛው ተቃጥሎ ጠቁሯል። ስልኩ ተነቅሎ ቴርሞስታቱ ሲሰካ ቁጥሩ ይበራል፤ 24.6። «ይኸው ሠራ!» ይባላል። ቁጥር ማብራትና ሙቀት መቆጣጠር አንድ ናቸው እንዴ? ሴንሰሩን በእጄ ጨብጬ ቁጥሩ ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ፣ ጠቅ ሲል መስማት እፈልጋለሁ፣ መውጫው ላይ አምፖል ሰክቼ ሲጠፋ ማየት እፈልጋለሁ። ይህን ስል ከኋላዬ የቆመው ገዢ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ልጁም «ጋሼ፣ ሥራ አለብን እኮ» ይላል።

ገዝተው ቤት ከገቡ በኋላ ደግሞ የቴርሞሜትሩ ጣጣ ይከተላል። የቴርሞስታቱ ሴንሰር አንድ ቁጥር ይላል፣ ባለ እርጥበት መለኪያው ትንሹ ሰዓት መሰል ዕቃ ሌላ ይላል፣ ከፋርማሲ የተገዛው የሕፃን ቴርሞሜትር ሦስተኛውን ይላል። አንዱ «በፈላ ውኃ ፈትሽ፣ 100 ሊል ይገባል» ብሎ ይመክራል። ምክሩ የመጣው ከባሕር ጠረፍ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ምክር ደህናውን ሴንሰር «ስምንት ዲግሪ ይዋሻል» ብሎ ያስተካከለ ሰው እንቁላሎቹን ምን ላይ እንደሚያስቀምጣቸው ይታሰብ። መፈተሽ ያለበት በበረዶ ነው። ብርጭቆ ሙሉ የተከሰከሰ በረዶ፣ ጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ፣ ማማሰል፣ ሴንሰሩን መሃል ላይ መክተት፣ መጠበቅ፤ አዲስ አበባም ሆነ አሰብ ላይ ዜሮ ነው። 0.8 ካለ በ0.8 ይሳሳታል ማለት ነው፤ ማስተካከያ ቦታው መሣሪያው ውስጥ አለ። በረዶ ከየት ይምጣ? ከፍሪጅ። ፍሪጁ የት አለ? ምናለሽ ተራ በተገዛው አሮጌ ፍሪጅ ቀፎ ነው መፈልፈያውን የሠራነው።

ሴንሰሩ የሚቀመጥበትም ቦታ አንድ ነገር ነው። አምፖሉ አጠገብ የሰቀለው ሰው አምፖሉን ነው የሚለካው፤ እንቁላሎቹ ከታች ይበርዳቸዋል። ግድግዳው ላይ የለጠፈው ግድግዳውን ይለካል። በእንቁላሉ ቁመት፣ ከአምፖሉ ራቅ ብሎ፣ የፋኑ አየር በሚደርስበት መሆን አለበት። ለተፈለፈሉ ጫጩቶች ደግሞ ከጀርባቸው ቁመት። ከሁሉም በላይ ግን እነሱን ማየት ነው፦ አምፖሉ ሥር ከተቆለሉ በርዷቸዋል፣ ዳር ዳሩን ከያዙና አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ ሜዳው ላይ ተበትነው የሚለቅሙ ከሆነ ደህና ነው። ጫጩት እንደ ሱቅ ዕቃ አትዋሽም።

መብራት ሲጠፋ ይህ ሁሉ ጥበብ ዋጋ የለውም። በጅማ የግብርና ኮሌጅ የተጠናው በጭድ የታጨቀው ሣጥን፣ ጫጩቶቹ በገዛ ሙቀታቸው የሚያድሩበት፣ ይህን ችግር አስቦ የመጣ ነው፤ አንዳንዴ እሱን ብቻ ይዤ ሀብተ ጊዮርጊስን ለዘለዓለም ብሰናበት እላለሁ። እናት ዶሮ ቀርታ ነው ይህ ሁሉ የሚሉኝም አሉ። ልክ ናቸው። የአበሻ ዶሮ ታቅፋ፣ አገላብጣ፣ በክንፏ ሸፍና ትፈለፍላለች፤ ቮልት አትጠይቅም። ግን ለብዙ እንቁላል የተመረጡት የፈረንጅ ዝርያዎች መታቀፉን ረስተውታል። ዘመናዊ ዶሮ ያመጣ ሰው ዘመናዊ ዕዳም ይዞ መጥቷል።

ከአሜሪካ የሚመጣልንን ስጦታ ደግሞ እንዴት እንተው? ዘመድ ይደወልለታል፣ «ቴርሞስታት ላክልኝ» ይባላል። እሱም ከልቡ ነው፤ ጊዜ ሰውቶ፣ ገንዘብ አውጥቶ፣ ጥሩውን መርጦ በሻንጣ ይልካል። እንሽላሊት አለበት። 110 ቮልት ነው። በደስታ ይሰካል፣ ጭስ ይወጣል፣ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፤ በስልክ ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዴት ያለ ዕቃ ነው!» ይባላል። ደግነቱ ሁሉም እንዲያ አይደሉም፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ካለ ምንም አይሆንም። ላኪዎች፣ እባካችሁ፣ ስትገዙ ያንን መስመር ብቻ አንብቡልን።

ድልድዩ ስማቸውን የተሸከመላቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆነው፣ በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የአገሩን ከባድ ከባድ ጉዳይ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በፍርድ አዋቂነታቸው እስከ ዛሬ ይወራላቸዋል። እዚያ ድልድይ ላይ ቆሜ የማልመው ነገር ቢኖር እሳቸው ፊት ቀርቤ ከዚህ ነጋዴ ጋር መሟገት ነው። «ዕቃው ይሠራል ብሏል፣ ቁጥሩም በርቷል» ይላል እሱ። «ጫጩቶቼ ሞተዋል» እላለሁ እኔ። ምን ይፈርዱ ነበር? እኔ ቢሆን ሻጩን አንድ ሌሊት ከጫጩቶቹ ጋር ያለ ጋቢ አሳድረው ነበር።

ለእኛ ለገዢዎችም የሚባል ነገር አለ። ዋጋ ሳይሆን አራት ነገር እንጠይቅ፦ ቮልቱ ስንት ነው፣ ዋቱ ስንት ነው፣ ክፍተቱ እስከ ስንት ይወርዳል፣ ሴንሰሩ ሲበላሽ ለብቻው ይገኛል ወይ። መልስ የሌለውን ሱቅ ትተን እንለፍ። አጠገቡ ሌላ ሱቅ አለ፤ መርካቶ ነው።

ለነጋዴዎቹ ደግሞ፣ እባካችሁ። ኮንቴይነር ሙሉ ከምታስጭኑ ጥቂቱን ከፍታችሁ አንብቡት። የ110 ቮልቱን ከ220ው ለዩት። አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ አባዙና ከዕቃው ጋር አያይዙት፤ ማባዣ ቤቱ ከሱቃችሁ ጎን ነው። ጠረጴዛው ላይ አንዲት የምትሠራ ሶኬትና አንድ አምፖል አስቀምጡልን። የበረዶውን ሒሳብ እኛ እንከፍላለን።